ከእንጦጦ ሥር ያለችው መበለት፦ ስለ ልብወለዴ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልብወለዱን በየምዕራፉ እየተቀበላችሁ የምታነቡ ወዳጆቼ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

ታሪኩ በአጭሩ ስለ ምንድን ነው?

ከእንጦጦ ሥር፣ ጉለሌ ዳር ላይ፣ ጠጅ ቤት ስላላት አንዲት ሴት ነው። ባሏ የሞተው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ የንጉሥ ሚካኤል ጦርና የሸዋ ጦር ሰገሌ ላይ የተጋጠሙ ዕለት። ሬሳውን አላየችም። ከዘመቻው የተመለሰ ጎረቤት በቅሎውን እየሳበ መጣ፤ በዚያ አወቀች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ቤቷን ብቻዋን አቆመች። የባሏን ዕዳ ከፈለች፣ ልጇን አሳደገች፣ ጠጇን ጣለች። ሌላ ባል በአሳቧም አልነበረም።

በኅዳር 1911 ያ ክፉ በሽታ ገባ። በዓለም ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ እኛ "የኅዳር በሽታ" እንለዋለን። ሰፈሩ ተኛ። ምድጃው ሁሉ ጠፋ። እሳት ያልጠፋበት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያለው የቀጥቃጩ ቤት። ገል ይዛ እሳት ልትጭር ሄደች። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

"መበለት" ከ"ባልቴት" በምን ይለያል?

ብዙ አንባቢ "ባልቴቷ እንዴት ሆነች?" እያለ ይጽፍልኛል። ባልቴት ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት፤ ባሏ በሕይወት ቢኖርም ባልቴት ናት። መበለት ግን ዕድሜዋ ምንም ይሁን ምን ባሏ የሞተባት ናት። ቃሉ የግዕዝ ነው። አንድ እፍኝ ዱቄት ብቻ የቀራትን የሰራፕታዋን መበለት ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውቃታለን። በንግግር ደግሞ "ባሏ የሞተባት" እንላለን። የኔዋ ሴት ገና 32 ዓመቷ ነው።

ምዕራፍ 4 ላይ ጎረቤቷ "ጋለሞታ" ሲላት የተቆጣችሁ ነበራችሁ። ቃሉ ዱሮ ባል የሌላት ሴት ማለት ነበር፣ እየቆየ ነው ስድብ የሆነው። ሰውየው በየትኛው ትርጉሙ እንደተናገረው እሷም አልገባትም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነው።

ለምን አዲስ አበባ መሃል ሳይሆን ዳርቻው?

እኔ ያደግሁት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ከሱሉልታ ቅቤ፣ ማርና እንጨት የጫነ ሰው እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ከተማ ሲወርድ ጉሮሮው ይደርቃል። ዳርቻ ላይ ያለች ጠጅ ቤት ሁሉን ታያለች። የገባውን፣ የወጣውን፣ ከዘመቻ የተመለሰውን፣ የቀረውንም። መሃል ከተማ ስላሉት መኳንንት ብዙ ተጽፏል። ዳር ላይ በገዛ ጋኗ ስለምትኖር ሴት ግን ያነበብነው ጥቂት ነው።

በዚያ ዘመን ሴት በእርግጥ ራሷን ችላ መኖር ትችል ነበር? የኛን ዘመን አሳብ እዚያ አልጫንሽም ወይ?

ከሁሉ በላይ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ትችል ነበር። ቀላል ነበር ማለቴ ግን አይደለም። በሰማንያ፣ ማለትም ሽማግሌ ፊት በሚደረግ ቃል፣ የተጋባች ሴት ከባሏ ጋር ባፈራችው ንብረት ላይ ድርሻ ነበራት። ርስትም በሸዋና በሰሜኑ የአማራ አገር ከአባትም ከእናትም ለወንድም ለሴትም ይወርዳል። ሴት ስለ ርስቷ ዳኛ ፊት ቆማ መሟገቷ እንግዳ ነገር አልነበረም። ችግሩ ማደሪያው ላይ ነው። ማደሪያ ለአገልግሎት የሚሰጥ መሬት ነው፤ ወታደሩ ሲሞት በቦታው የሚያገለግል ከሌለ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። የኔዋ ሴት ልጅ ገና 6 ዓመቱ ነው፤ ጠመንጃ አይሸከምም። ስለዚህ ማደሪያው ሄደ። ቤቱና ጠጅ ቤቱ ቀሩ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ሦስት ምዕራፍ የዚህ ሙግት ነው። አንዳንዶቻችሁ "ፍቅሩ ዘገየ" ያላችሁት በዚህ ምክንያት መሰለኝ። እኔ ግን የምትበላውን ራሷ የምታመጣ ሴት መሆኗ ሳይታይ ፍቅሯ ክብደት አይኖረውም ብዬ አምናለሁ።

መጠጥና ምግብ መሸጥ እንደ ነውር በሚታይበት ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሆቴል ከፍተዋል። ከእሳቸው በታች ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሴቶች ጠጅ እየጣሉ፣ ጠላ እየጠመቁ፣ ጥጥ እየፈተሉ፣ እንጨት ተሸክመው እየወረዱ ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ይህችን ከተማ ካቆሟት እጆች ብዙዎቹ የእነዚህ ሴቶች ናቸው።

ጠጅ መጣሉን በዝርዝር የጻፍኩት ለማስጌጥ አይደለም። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስትና በአራት እጅ ውሃ ይበረዛል። አፉ ታስሮ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ጌሾው ይገባል። የፈላ ጠጅ ድምፅ አለው። ጆሮ ጋኑ ላይ ሲደረግ ዝናብ በሩቅ ሣር ላይ ሲወርድ የሚሰማውን ይመስላል። እሷ በሌሊት ተነሥታ ያን ድምፅ ታዳምጣለች። ካልተሰማት ማሩ ከስሯል፤ የወሩ ዕዳ አይከፈልም። ነፃነቷ እዚያ ጋን ውስጥ ነው።

መርካቶና ፒያሳ ለምን አልተጠቀሱም?

ስላልነበሩ። በ1909 ገበያው አራዳ ነው፤ ጊዮርጊስ አጠገብ። መርካቶ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ የሚሉት ስሞች የጣሊያን ናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በሚያዝያ 1928 ነው። ቦሌማ ጨርሶ እርሻ ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ እኔም አንድ ቦታ "ወደ ፒያሳ ወረደች" ብዬ ጽፌ ነበር፤ ደግነቱ ያረመችኝ ጓደኛዬ አየችው።

ባሕር ዛፉ ግን ልክ ነው። በ1880ዎቹ አጋማሽ ነው የገባው፤ በ1909 እንጦጦ ሥር በደንብ በቅሏል። ታሪካችሁን በ1880 የምታደርጉ ጸሐፊዎች ካላችሁ ግን የባሕር ዛፍ ሽታ አታስገቡ። ያኔ አገሩ የጥድና የወይራ ነው፤ እሱም ለማገዶ እያለቀ ነበር። አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ያሰቡትም ማገዶ ስላለቀ ነው። ቡናም እንዲሁ ነው። የሰሜንና የሸዋ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን ቡና አይጠጣም ነበር፤ በምኒልክ ዘመን ነው እየተለመደ የመጣው። የኔዋ ሴት ትጠጣለች፣ አክስቷ ግን ስኒውን ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

ሐዘኑ ስንት ጊዜ ነው? መቼ ብትወድ ነው ነውር የማይሆነው?

ሣልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ መንፈቅ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ትልቁ ተዝካር አርባው ነው። ሣር ቤቱ ይሞላል፣ ካህናቱ ይመጣሉ፣ ጠላው ይጠመቃል። ባል የሞተባት ሴት ፀጉሯን ትላጫለች፣ ፊቷን ትነጫለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትለብሳለች። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይሆናል። ነጠላው መልሶ የሚገለበጥበትን ቀን የሚቆጥሩት ጎረቤቶች ናቸው። ሴት አያቴ ወንድ አያቴን ከቀበሩ በኋላ ጥለቱን ወደ ታች ያደረጉት ስንት ዓመት ቆይተው እንደሆነ ሰፈሩ በቃሉ ያውቅ ነበር።

ኋላ የመጣው ሕግም ስለዚህ ተናግሯል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባሏ የሞተባት ሴት 180 ቀን ሳይሞላት እንዳታገባ አድርጓል፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ እንዳለ ይዞታል። ምክንያቱ የልጅ አባት እንዳይምታታ ነው። ለልብ የሚሆን ሕግ ግን ማንም አላወጣም። እኔ ሁለት ዓመት ሰጠኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነበር፤ የሞተውን ባሏን ስለምትወደው ብቻ አይደለም፣ ወንድ እንዳይጠይቃትም ትጠለልበት ነበር። ይህን ብዙ ሴት አንባቢ ወዲያው ገባት።

"ቆብ ብትጭን አይሻላትም ነበር?" ለምን ተባለች?

ባል የሞተባት ሴት መንኩሳ ቀሪ ዕድሜዋን ቤተ ክርስቲያን ብታሳልፍ ክብር ነበር፤ ዛሬም ነው። አክስቷ ይህን የምትላት በክፋት አይደለም። ቆብ የጫነች ሴት ማንም በክፉ አያያትም፣ ስሟ ይጠበቃል። ግን 32 ዓመቷ ነው። ቆብ ጭኖ መጣል ደግሞ ካለመጫን በላይ ያስነውራል። "እማሆይ ተብዬ እሳት ልጭር ብሄድ ምን ይሉኛል?" ያለችው ለዚህ ነው።

ፍቅረኛው ለምን ቀጥቃጭ ሆነ? የተማረ ቄስ ወይም ደህና ወታደር ቢሆን አይሻልም ነበር?

ቄስ ሊሆን አይችልም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ካህን የሚያገባው ድንግል ነው። መበለት ቢያገባ፣ ወይም ሚስቱ ሞታበት ሌላ ቢያገባ፣ ክህነቱ ይፈርሳል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ መበለትና ቄስ ያፋቅራል። የግድ ከቤተ ክህነት ይሁን ከተባለ ክህነት የሌለው ደብተራ ይሆናል። ወታደር ደግሞ አልፈለግሁም። አንድ ወታደር ቀብራለች፣ ይበቃታል።

ቀጥቃጭ የመረጥኩት በእሳቱ ምክንያት ነው። ያ በሽታ ሲገባ እናት ልጇን ማቅመስ አቅቷት ተኝታለች። እሳት የሚቆሰቁስ የለም። ክብሪት ያኔም ገብቶ ነበር፤ ግን በገንዘብ የሚገዛ ነው፣ ሱቁም ተዘግቷል። ድሮ እሳት ከጎረቤት ነው የሚጫረው። ገሉ ላይ አመድ ይደረጋል፣ አመዱ ላይ ፍሙ ይቀመጣል፣ በእጅ ተከልሎ በሩጫ ይወሰዳል። ጎረቤት ሁሉ ሲጠፋ ወናፍ ያለው ሰው ቤት ብቻ ቀረ። እሱ ቤት ግን ማንም አይሄድም። ብረት የሚሠራ "ቡዳ ነው" ይባል ነበር። ዕቃው ይፈለጋል፤ ማረሻውን፣ ቢላዋውን፣ ልጓሙን ሁሉም ይገዛዋል። ሰውየው ግን ደጃፍ ላይ ነው የሚቆመው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን እየሰደባችሁ አገሩን ባዶ አታድርጉት የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። ቀጥቃጩ ይህን አዋጅ በጆሮው ሰምቷል፤ ገና ልጅ እግር ሆኖ ሠራተኛ ሰፈር ሲኖር። ከ11 ዓመት በኋላም ደጃፍ ላይ ነው የሚቆመው። አዋጅ አፍ ይዘጋል እንጂ በር አይከፍትም።

"እወድሃለሁ" ለምን አይባባሉም? ልባችን ደረቀ!

አያቶቻችን በአፍ የሚሉት ጥቂት ነው። በጉርሻ ይሉታል፣ እግር በማጠብ ይሉታል፣ "ምነው ከሳህ" በማለት ይሉታል። የመጀመሪያው ቀን ላይ የሆነውን አስታውሱ። እሷ ገሏን ዘረጋች። እሱ በጉጠቱ ፍም አነሣ። እጇ ስለተንቀጠቀጠ ገሉን በሌላ እጁ ከሥር ደገፈላት። ከዚያ ወናፉን ትቶ እስከ ወንዙ ድረስ ተከተላት፣ ነፋሱን በሸማው እየከለለ። አንድ ቃል አልተናገረም። ቤቷ ገብታ ምድጃው ሲያያዝ ዞራ ብታይ እሱ ማዶ ቆሞ ጭሷን እየጠበቀ ነው። ጭሱ ሲወጣ ተመለሰ። ይህ ሰው ደግሞ እወድሻለሁ ማለት አለበት?

እሷ ደግሞ የምትለው ወፍጮ ላይ ነው። ሴት ልጅ የሆዷን የምታወጣው እየፈጨች በምታንጎራጉረው ነው፤ የድንጋዩ ድምፅ ከሰው ጆሮ ይከልላታል። ለሷ የጻፍኩላት ይህ ነው፦

እሳት ልጭር ብዬ ወጥቼ ከቤቴ፣
ፍሙ ለጉልቻዬ፣ ወላፈኑ ላንጀቴ።

በታሪክ ውስጥ በእውነት እንዲህ ያለች ሴት ነበረች?

በታላላቆቹ ዘንድ አለች። እቴጌ ምንትዋብ አፄ በካፋ ሲሞቱ ገና ወጣት ነበሩ። ልጃቸውን ኢያሱን አንግሠው አገር አስተዳደሩ። በዕድሜ የሚያንሷቸውን የባላቸውን ዘመድ፣ እሱም ስሙ ኢያሱ ነው፣ ወደዱ። ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱለት፤ አንዷ የራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት የሆነችው አስቴር ናት። ሰው ዝም አላለም። ሰውየውን "ምልምል ኢያሱ" ብሎ ስም አወጣለት። እቴጌይቱ ግን ቁስቋምን ሠርተው፣ መንግሥታቸውን ይዘው ኖሩ።

እቴጌ ጣይቱም ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት ከአንድ በላይ ትዳር አሳልፈዋል። በ1875 በፋሲካ አንኮበር መድኃኔ ዓለም በቁርባን ሲጋቡ የዋህ ልጃገረድ አልነበሩም፤ የሚፈልጉትን የሚያውቁ ሴት ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1906 ሲያርፉ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ፤ እስከ የካቲት 1910 እዚያ ኖረው አረፉ። አስቡት፤ የኔዋ ጠጅ ሻጭ ከሥር ጥለቷን ወደ ላይ አድርጋ ስትኖር፣ ተራራው ላይ ደግሞ አገር ያንቀጠቀጡት መበለት አሉ። ምዕራፍ 7 ላይ የእንጦጦ ማርያም ደወል ሲሰማ ቀና ብላ የምታየው ለዚህ ነው። ተገናኝተው እንዲያወሩ አድርጊ ያላችሁኝ አላችሁ። አላደርገውም። ደወሉ ይበቃል።

አገሩ የኦሮሞ አይደለም ወይ? ለምን ሁሉም አማርኛ ይናገራል?

ልክ ናችሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ይህን አሳንሼዋለሁ፤ አርሜዋለሁ። ጉለሌ ራሱ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፤ ገላንም፣ አቢቹም እንዲሁ። ቦታው ፊንፊኔ ነው። ከተማዋ ስትቆረቆር መሬቱ ለመኳንንትና ለወታደር ተደለደለ፤ ባለ አገሩ ብዙው በገዛ መሬቱ ገባርና ጭሰኛ ሆነ። የባሏ ማደሪያም ከዚያ የመጣ ነው። ይህን ሳይናገሩ የሷን ሙግት ብቻ ማልቀስ አይሆንም።

አሁን ማር የምታመጣላት ሴት ኦሮምኛ ነው የምታወራት፤ እሷም በኦሮምኛ ትመልሳለች። ዳርቻ ላይ የሚነግድ ሰው ሁለቱንም ይሰማ ነበር። ምዕራፍ 3 ላይ ማደሪያው ሲወሰድባት ማር ሻጯ "የኛም እንዲሁ ሄደ" ብቻ ብላ ዝም ትላለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ቅምጥ ይላሉ። ያን ገጽ ሦስቴ ነው የጻፍኩት።

በዚያ ዘመን ባለ ጠጅ ቤት ባሪያ አልነበራትም ወይ?

ሊኖራት ይችል ነበር፤ በብዙ ቤት ነበር። ኢትዮጵያ ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር የገባችው በ1916 ነው፤ ባሪያ ነፃ ስለማውጣት የተነገረው አዋጅም በዚያው ዓመት ነው። ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ነው። የኔ ታሪክ ከሁሉም በፊት ነው። ውሃ የምትቀዳላት ልጅ አለች፤ የባሏ እናት የሰጠቻት። መጀመሪያ ላይ ላስወጣት አስቤ ነበር፣ ባለታሪኬን እንዳታስጠላብኝ። ተውኩት። የራሷን ነፃነት በጋን የምትቆጥር ሴት የዚህችን ልጅ ነፃነት ሳታይ ሁለት ዓመት ኖራለች። በኅዳር በሽታ ልጅቷ ስትታመም ነው ስሟን መጀመሪያ የጠራችው። ከዚያ የሆነውን አልነግራችሁም።

እንደገና ብታገባ በምን ዓይነት ጋብቻ ነው? "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" አይደል?

ተረቱን አክስቷም ብላዋለች። ተክሊል አይደረግላትም፤ እሱ ለደናግል ነው። ቁርባን ይቻላል፤ ግን ከባድ ቃል ኪዳን ነው፣ አይፈታም። በደሞዝ መኖርም አለ፤ ወንድየው በተወሰነ ክፍያ የሚይዛት ነው፣ ያን እሷ አትሰማውም። የቀረው ሰማንያ ነው። ሽማግሌ ፊት ቃል ይሰጣል፣ ንብረት ይነገራል። ሽማግሌ ግን ለቀጥቃጭ ማን ይቆምለታል? የመጽሐፉ ሁለተኛ አጋማሽ ሦስት ሽማግሌ ፍለጋ ነው። ሁለቱ ተገኝተዋል። ሦስተኛውን እየጠበቃችሁ ነው፤ አውቃለሁ።

ምዕራፍ 19 ላይ "አንቱ" ማለት ጀመረች። ነፃነቷን አሳልፋ መስጠቷ አይደለም?

ይህን የጠየቁኝ በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሴት አያቴ ወንድ አያቴን "አንቱ" እንዳሉ ኖረው ነው የቀበሯቸው። እሳቸው ደግሞ "አንቺ" ይሏቸው ነበር። እሱን እኔም አልወደውም።

እዚህ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "እሜቴ" እና "አንቱ" የሚለው እሱ ነው። እሷ "አንተ" ትለዋለች፤ ሁሉም ቀጥቃጭን "አንተ" ስለሚል እንጂ አስባበት አይደለም። በሌላ ቋንቋ ቢሆን ይህ ሁሉ አይታይም ነበር። በኛ ግን በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ማን ከማን በላይ እንደሆነ ይነገራል። የፍቅር ልብወለድ ላይ ሁልጊዜ የምናየው እሱ ከ"አንቱ" ወደ "አንቺ" ሲወርድ ነው። እሱን አልፈለግሁም። እሷን ወደ ታች መሳብ ነው። እሷ እሱን ወደ ላይ ብትስበውስ ብዬ አሰብኩ። ሁለቱም "አንቱ" ቢባባሉስ?

ስለዚህ ትዕይንቱ እንዲህ ሆነ። ቅዳሜ ነው፣ ጠጅ ቤቱ ሞልቷል። እሱ የሠራላትን የበር መቀርቀሪያ ይዞ እንደ ልማዱ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሰዎቹ ዞረው አዩት፣ መልሰው ወደ ብርሌያቸው ዞሩ። እሷ ጋኑ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋ ጥለቱ ወደ ታች ነው፤ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያየው እሱ ነው። ብርሌውን አስቀመጠች፣ ሁለት እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆመች።

«ኖር!» አለች። «ምነው ደጅ ቆሙ? ይግቡ እንጂ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ከጥግ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፤ ሊወጡ መስሏት ልቧ ወደቀ። ሽማግሌው ግን ወጥተው አልሄዱም። ለሚገባው ሰው እንደሚደረገው ቆመው ጠበቁ።

«በእግዜር» አለ፤ ድምፁ ብዙም አልተሰማም። ጎንበስ ብሎ ጉበኑን አልፎ ገባ።